ጅማና ቦንጋ በአምስት ቀን፦ በአስጎብኚ የሚመራ የኮስተር ጉዞ ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማን፣ አጋሮንና ቦንጋን አዳርሶ ለሚመለስ የቡድን ጉዞ ነው። ረቡዕ ማለዳ መነሳት፣ እሁድ ማታ መግባት፣ በመሃል አራት ሌሊት። ቀኖቹ ሲመረጡ የጅማ ገበያ የሚደምቀው ሐሙስ መሆኑ ታስቦበታል። ሌላ ቀን የሚነሳ ቡድን ካጋጠማችሁ ግን ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ፦ መጀመሪያ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ቀጥሎ የቡና ማሳው፣ በመጨረሻ ጫካው።

ከመክፈላችሁ በፊት

1. ወሩን ምረጡ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ቡናው ቀልቶ የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ ከሁሉም ይመረጣል። የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናብ ጠብ ካለ ቡናው ነጭ አበባ ያወጣል፤ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል፤ ግን አበባው ከጥቂት ቀን በላይ ስለማይቆይ በዕድል ነው የሚገኘው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ዝለሉት። ዋናው አስፋልት ባይቸግርም ወደ መንደሮቹ የሚያስገባው ቀይ አፈር ኮስተር ያቆማል።

2. መርሐ ግብሩን በጽሑፍ ተቀበሉ። አራት ስሞች ፈልጉበት፦ ጅሬን (ቤተ መንግሥቱ)፣ ጮጬ (የቡና ማሳው)፣ በለጠ (ጫካው)፣ ቦንጋ። «ጅማና አካባቢው» ብቻ የሚል ከሆነ ከአራቱ የትኞቹ እንዳሉበት አስጽፉ።

3. ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር አንድ በአንድ ጠይቁ። አልጋ ለብቻ ነው ወይስ ለሁለት? ምሳና እራት አለበት? የመግቢያ ክፍያና የየአካባቢው አስጎብኚ ክፍያስ? ብዙ ጊዜ «ሁሉንም ያካትታል» ከሚለው ዋጋ ውጪ የሚቀረው ይሄ የመጨረሻው ነው።

4. ስለ መኪናው ጠይቁ። ኮስተር ከሆነ ስንት ሰው እንደሚጫን ቁጥሩን ይንገሯችሁ። መተላለፊያው ላይ የሚዘረጉት ተጣጣፊ ወንበሮች ከተቆጠሩ ሌላ ቡድን ፈልጉ። ለአንድ ሰዓት የሚቻለው ወንበር ለ350 ኪሎ ሜትር አይቻልም።

5. ምግባችሁን አሁኑኑ አስመዝግቡ። ረቡዕና ዓርብ መንገድ ላይ ናችሁና ጿሚ ከሆናችሁ ተናገሩ። ሙስሊም ከሆናችሁም እንዲሁ። በጅማ ምግብ ቤቶች የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤቱ ተለይቶ ነው፤ ሃያ ሰው ተርቦ ከተቀመጠ በኋላ ግማሹ ተነስቶ ሌላ ቤት መፈለጉ ቀኑን ያበላሻል። አስጎብኚው አስቀድሞ ካወቀ ሁለቱም የሚገኝበት ቦታ ያሳርፋችኋል።

6. ቅድመ ክፍያ ብቻ ክፈሉ። በቴሌብር ወይም በባንክ ይሁን፣ ደረሰኙን አስቀሩ። ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ እዚያው አስጽፉ።

7. ከመነሻው ሁለት ቀን በፊት ደውሉ። የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ጠይቁ። ቀሪውን ክፍያ ከዚህ ስልክ በኋላ ፈጽሙ።

የሚያዝ

8. ሁለት ቦርሳ አዘጋጁ። ትልቁ ከኋላ ይጫናል፤ እስከ ማታ አታገኙትም። ትንሹ ከእግራችሁ ሥር ይቀመጣል። በትንሹ ውስጥ ውሃ፣ ሶፍት፣ ጃኬት፣ ፓወር ባንክ፣ ሁለት ባዶ ፌስታልና መድኃኒታችሁ ይግቡ።

9. ልብሱን ለጫካና ለመስጊድ አስቡት። ረጅም ሱሪ፣ ረጅም ካልሲ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ፣ የዝናብ ጃኬት። ሴቶች ሰፊ ነጠላ ወይም ሻሽ ጨምሩ። በበጋም ቢሆን የዝናብ ጃኬቱን አትተዉት፤ ደቡብ ምዕራብ ሰማዩ አይታመንም።

10. የወባ ጥንቃቄ አድርጉ። የጊቤ በረሃና የግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳርቻ ወባ አለበት። የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ሕፃን ካስከተላችሁ ሳምንት ሲቀረው ሐኪም አማክሩ።

11. መታወቂያችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ኬላ ላይ ይጠየቃል። ጥሬ ገንዘብም ዘርዝራችሁ ያዙ፤ ባንክና ኤቲኤም ጅማ ላይ ሞልቷል፣ መንደር ውስጥ ግን የሚሠራው የእጅ ብር ነው።

ረቡዕ፦ ከአዲስ አበባ ጅማ

12. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሻው ቦታ ድረሱ። መኪናው 12 ሰዓት ላይ ከወጣ የዓለም ገናን መጨናነቅ ያመልጣል።

13. በቀኝ በኩል ተቀመጡ። መንገዱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚሄድ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐዩ በግራ ነው። ስትመለሱ ተቃራኒውን አድርጉ፣ ግራውን ያዙ። ጎማ ላይ ያለውን ወንበርና የመጨረሻውን ረድፍ ለወጣቶቹ ተዉላቸው።

14. ወሊሶ ላይ ቁርስ ብሉ። 114 ኪሎ ሜትር መጥታችኋል። ቀለል ያለ ነገር እዘዙ፤ የጊቤ ቁልቁለት ገና ነው።

15. ወልቂጤ ላይ ሽንት ቤት ግቡ። ባይመጣባችሁም ግቡ። ከዚህ በኋላ እስከ ሶኮሩ ድረስ ምቹ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም።

16. የጊቤ ቁልቁለት ሲጀምር ስልካችሁን አስቀምጡ። ዓይናችሁን ከፊት መስታወት ላይ አሳርፉ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ 1,100 ሜትር ግድም ከፍታ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። መዋጥ ወይም ማስቲካ ማኘክ ጆሮውን ይከፍታል። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ኪኒኑን ወልቂጤ ላይ ነው መዋጥ ያለባችሁ፤ ቁልቁለቱ መሃል ከተዋጠ አይደርስላችሁም።

17. ደነባ አካባቢ ስትደርሱ የግልገል ጊቤን ሐይቅ ተመልከቱ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ የፈጠረው ነው። ውሃውን ፎቶ አንሱ፤ የግድቡን ተቋምና ጥበቃውን ግን አታንሱ።

18. ጅማ ስትገቡ መጀመሪያ አልጋውን ፈትሹ። ሆቴላችሁ ሂርማታ ሰፈርም ይሁን ጊንጆ ሰፈር፣ የሚታየው አንድ ነው፦ አጎበሩ ቀዳዳ አለው? ውሃ ይመጣል? መስኮቱ ይዘጋል? ክፍል ለመቀየር ጊዜው ቦርሳው ሳይፈታ ነው።

ሐሙስ፦ ጅሬን፣ ሙዚየሙ፣ ገበያው

19. ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ ጅሬን ውጡ። ኮረብታው ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠዋት ከላይ ሆናችሁ ጅማን ቁልቁል ስታዩ ጉሙ ገና ከሸለቆው አልተነሳም። ቡድኑ «ከሰዓት እንሄዳለን» ካለ ተከራከሩ፤ የምትከራከሩበት ነገር ይሄ አንዱ ብቻ ይሁን።

20. ወደ ቤተ መንግሥቱ ከመግባታችሁ በፊት ስለ ባለቤቱ ይህን ያህል ያዙ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። «አባ ጅፋር» የፈረስ ስማቸው ነው። ለአፄ ምኒልክ በሰላም ገብረው ግዛታቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ ጎረቤታቸው ከፋ ግን ተዋግቶ በ1897 እ.ኤ.አ. ተሸነፈ። ቅዳሜ ከፋ ምድር፣ ቦንጋ ስትደርሱ ይህን ልዩነት ታስታውሱታላችሁ። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር ያልፍ እንደነበርም ይነገራል፤ በሮቹን ስታዩ የራሳችሁን ፍርድ ስጡ።

21. ፎቅ ላይ ለመውጣት አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ግቢው መሃል ቁሙና ቤቱን ቀና ብላችሁ እዩ። ንጉሡ ትግልና ጨዋታ ይመለከቱ የነበረው ከላይ ካለው ሰገነት ሆነው ወደዚህ ግቢ ነው። ከታች ያየ ሰው ከላይ ሲወጣ ምን እንደሚያይ ይገባዋል።

22. ደረጃውን አንድ በአንድ ውጡ። ቤቱ እንጨት ነው፤ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት በላይ። መደገፊያውን ለፎቶ ብላችሁ አትደገፉት። የተቀረጸውን እንጨት በዓይን እንጂ በእጅ አትዩት።

23. የቤተ መንግሥቱ መስጊድ ጋ ጫማ አውልቁ። መግባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሶላት ላይ ያለ ሰው ፊት አትለፉ። ነጠላው እዚህ ይፈለጋል።

24. አስጎብኚውን ስለ ባሪያ ንግድ ጠይቁት። ጅማ የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች፤ ቡና፣ ዝባድና ዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሸጥባት ነበር። ስለ ቤተ መንግሥቱ ውበት ብቻ አውርቶ የሚያልፍ አስጎብኚ ግማሹን ነው የሚያሳያችሁ። ጥሩው ሳትጠይቁት ያነሳዋል።

25. ወደ ከተማ ተመልሳችሁ የጅማ ሙዚየምን እዩ። የንጉሡ የግል ዕቃዎች ያሉት እዚህ ነው። አንድ ሰዓት ይበቃል።

26. ከምሳ በፊት መሃል ከተማውን በእግር ዙሩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወርሮ እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ጅማን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ነበር። ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን፣ በረንዳቸው በዓምድ የተያዘ ሱቆችን ፈልጉ። ቀና ብላችሁ ሂዱ፤ የድሮው ሕንፃ የሚለየው ከላይኛው ፎቁ ነው፣ ታችኛው በማስታወቂያ ተሸፍኗል።

27. ከሰዓት ገበያ ግቡ። «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ጀምሩ፣ «ገለቶማ» ብላችሁ ጨርሱ። ስልካችሁን የፊት ኪስ ውስጥ ያዙ።

28. የጅማ በርጩማ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ። ባለ ሦስት እግሩ ደህና በርጩማ ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ ሚስማር፣ ሙጫ ወይም የእንጨት መጋጠሚያ ካያችሁ ዋጋውን ቀንሱ። ቀጥሎ አንሱት። ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ከሆነ እንጨቱ አልደረቀም፤ አዲስ አበባ ደርሶ ይሰነጠቃል። በጥፍራችሁ እግሩን ከታች ጫር አድርጉት፤ ጥፍሩ ሰርጎ እርጥበት ካወጣ ተዉት። ከዚያ መሬት ላይ አስቀምጡና ተቀመጡበት። የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ ይስጧችሁ። የዋንዛ እንጨት ከሆነ ይበልጥ ጥሩ።

29. ጊዜ ከተረፈ ለማምሻ ቦዬ ኩሬ ሂዱ። ጉማሬው ከሩቅ ነው የሚታየው። ከውሃው ዳር ራቁ፤ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል።

ዓርብ፦ አጋሮና ጮጬ

30. ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ጁምዓ ስለሆነ የመንደሩ ሰው ከቀትር በኋላ መስጊድ ይሄዳል፤ ሥራችሁ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

31. መልኮን ስታልፉ አስጎብኚው ያሳያችሁ። የቡና ምርምር ማዕከሉ ያለው እዚህ ነው፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ውስጥ መግባት ቀድሞ የተያዘ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ በር ላይ አትቁሙ።

32. ጮጬ ስትደርሱ ታሪኩን አዳምጡ። ጎማ ወረዳ ውስጥ ያለችው ይህች መንደር ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው የጨፈሩበት እረኛ አገር ናት ይባላል። ቦንጋ ደግሞ የቡና መገኛ ማንኪራ ነው ይላል። ጮጬ ላይ ሆናችሁ የማንኪራን ስም አታንሱ፤ ነገ ቦንጋ ላይም የጮጬን። ሁለቱንም ቡና ጠጡና ዝም በሉ።

33. ባለ ማሳውን አስፈቅዳችሁ ልቀሙ። ቀዩን ብቻ። አረንጓዴና ቢጫ ከቅርጫቱ ከገባ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ፍሬውን ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉ እንጂ ቅርንጫፉን አትጎትቱ፤ የከርሞው ምርት ያለው እዚያ ላይ ነው።

34. አንዱን ፍሬ በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጉት። ሁለት ቡና በሚያዳልጥ ልባስ ተጠቅልሎ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ልባሱን ምጠጡት፤ ይጣፍጣል። ይህ ጣፋጭ ልባስ በውሃ ሲለቀቅ «የታጠበ» ቡና ይሆናል፤ ከነልጣጩ ሲደርቅ ደግሞ ጀንፈል።

35. የማድረቂያውን አልጋ አትደገፉ። የተሰጣውን ቡና በእጃችሁ አታገላብጡ። ቅባትና ሽቶ የነካው እጅ ሽታውን ያስተላልፋል፤ ቡና ሽታ በመያዝ አቻ የለውም።

36. የቡና ግብዣ ከቀረበ እስከ በረካ ቆዩ። አቦልን ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው። አስጎብኚውን ለዚህ ብቻ አንድ ሰዓት አስመድቡት። ቡና ቀላ ከመጣላችሁ አንድ ሁለት ፍሬ ቅመሱ፦ በቅቤ የተቆላ የቡና ፍሬ ነው፣ ይታኘካል። ዓርብን የምትጾሙ ከሆነ ቅቤ እንዳለበት እወቁ።

37. ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ተሰናበቱ። ምሳ አጋሮ፣ አዳር ጅማ።

ቅዳሜ፦ በለጠና ቦንጋ

38. ሻንጣችሁን ሙሉ በሙሉ ጫኑ። ዛሬ የሚታደረው ቦንጋ ነው። ከጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ጠመዝማዛው ግን የረዘመ ያስመስለዋል።

39. በለጠ ጫካ ላይ ከመውረዳችሁ በፊት ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ አስገቡ። ጉንዳን አለ። መሬት ላይ ጥቁር ገመድ የመሰለ መስመር ካያችሁ ተራምዳችሁ እለፉ፣ አጠገቡ አትቁሙ።

40. ድምፃችሁን ቀንሱ። ሃያ ሰው እያወራ ከገባ ጉሬዛ አይቆይም። ዝም ብላችሁ ላይኛውን ቅርንጫፍ ፈልጉ፤ መጀመሪያ የሚታየው ረጅሙ ነጭ ጭራ ነው።

41. ቦንጋ ላይ መጀመሪያ የቡና ሙዚየሙን ጎብኙ። ከፋ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ከ700,000 ሄክታር በላይ ነው። እዚህ ቡና ሳይተከል ጫካ ውስጥ በራሱ ይበቅላል። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ የጋኪ ሸሮቾ ታሪክም ይነገራችሁ፤ የጅሬኑን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

42. ማንኪራ በመርሐ ግብሩ ከሌለ በግድ አታስገቡት። የእግር መንገድ አለበት፤ ቅዳሜ ከሰዓት አይበቃም። ለሌላ ጊዜ አንድ ቀን ሙሉ መድቡለት።

43. ኮረሪማ፣ ጥምዝና ማር እዚህ ግዙ። ኮረሪማውን ሰንጥቃችሁ አሽትቱ፤ ፍሬው ጥቁርና ሽታው ብርቱ ይሁን። ማሩን በሃይላንድ ፕላስቲክ ካስቀዳችሁ ጥቂት ክፍት ቦታ አስተርፉ፤ ጊቤ በረሃ ላይ ይሞቅና ክዳኑን ይገፋል። በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ እግራችሁ ሥር አስቀምጡ። ከላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ማር የሚወርደው የሰው ራስ ላይ ነው።

እሁድ፦ መመለሻ

44. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሱ። 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዘግይቶ የወጣ ቡድን ወልቂጤን በጨለማ ያልፋል፤ ሾፌሩም በአምስተኛው ቀን ደክሟል። ማታ እንዳይነዳ ከፈለጋችሁ ማለዳ ላይ ፈጥናችሁ ተገኙ።

45. ጥሬ ቡና ለቤታችሁ የሚሆን ብቻ ያዙ። ከቡና አብቃይ አካባቢ የሚወጣ ቡና ኬላ ላይ ይፈተሻል፤ ያለ ወረቀት ከተፈቀደው በላይ ከተገኘ ይወረሳል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደውን ኪሎ አስጎብኚውን ሳትገዙ ጠይቁት። የጓደኛን ቡና በራሳችሁ ቦርሳ አትያዙ። ስትጠየቁ ደግሞ አትደብቁ፤ የተደበቀ ሁለት ኪሎ ከተነገረ ሦስት ኪሎ ይልቅ ያስጠረጥራል።

46. ጉርሻውን ወሊሶ ላይ ሰብስቡ። አንድ ሰው ይሰብስብ፤ ሾፌሩ፣ ረዳቱና አስጎብኚው ለየብቻ ይሰጣቸው። አዲስ አበባ ከተገባ በኋላ ሁሉም ታክሲ ይይዛልና አይሰበሰብም።

47. ቤት እንደገባችሁ ቡናውን ከፌስታል አውጡ። ወደ ጨርቅ ከረጢት ገልብጡትና ከቅመም ርቆ ይቀመጥ። ማሩን ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት። በርጩማውን ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥግ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ቅቤ ወይም ዘይት በጨርቅ ነክራችሁ እሹት።